«ይቆይ» የሚለው ማን ነው? የጤፍ ፓተንት ጉዳይ ከሚንጃር ሲታይ

እናቴ አዲስ ጤፍ ወዲያው አታስፈጭም። ታኅሣሥ ላይ ተወቅቶ፣ ነፋስ ተጠብቆ ተበጥሮ፣ ጎተራ ከገባ በኋላም የዓምናው እስኪያልቅ ማንም አይነካውም። ለምን ስትባል መልሷ አጭር ነው። «አዲስ ጤፍ እንጀራው ይጣበቃል፣ ዓይኑም አያምርም። ይቆይ።» አያቴም እንደዚያው ትል ነበር። እኛ ቤት ይህን ነገር ማንም «እውቀት» ብሎት አያውቅም። ሽሮ ላይ ጨው እንደ መጨመር ያለ ነገር ነው።

ታዲያ አንድ ቀን ስለ ጤፍ የተሰጠ የአውሮፓ ፓተንት (አንድን ፈጠራ ሌላው ሰው ያለ ፈቃድ እንዳይጠቀምበት የሚከለክል የባለቤትነት መብት ነው) ሳነብ የእናቴን «ይቆይ» እዚያ ውስጥ አገኘሁት። በቁጥር ተጽፎ፣ ባለቤት ተሰጥቶት።

ጉዳዩን ብዙዎቻችሁ «ሆላንዶች ጤፋችንን ሰረቁ» በሚል ወሬ ታውቁት ይሆናል። እኔም እንደዚያ ነበር የማውቀው። ወደ ውስጥ በገባሁ ቁጥር ግን ከስርቆቱ ይልቅ ያናደደኝ ውሉ ነው። አዎ፣ ውል ነበረ። የተፈረመ፣ በጊዜውም ለሌሎች አገሮች ምሳሌ ይሆናል የተባለለት ውል። ፍትሐዊ ንግድ፣ የጥቅም ተጋሪነት የሚባለው ነገር ወረቀት ላይ አምሮ ገበሬው ደጅ ሲደርስ ምን እንደሚሆን ለማየት ከዚህ የበለጠ ጉዳይ አላውቅም።

መጀመሪያ ከየት ሆኜ እንደምጽፍ ልንገራችሁ። ሚንጃር ሸንኮራ በሰሜን ሸዋ ዞን ደቡብ ጫፍ ያለ ወረዳ ነው። ከተማችን አረርቲ ናት። የዞኑ ከተማ ደብረ ብርሃን ብትሆንም እህላችን የሚጫነው ወደ ሞጆና ወደ አዲስ አበባ ነው። ከብርዳቸው የማይወጡት መንዞች «እናንተም ሸዋ ነን ትላላችሁ?» እያሉ ይቀልዱብናል። ይቀልዱ። እነሱ በግ አላቸው፣ እኛ ጤፍና ሽምብራ አለን። (በነገራችን ላይ «አረርቲ» የሚባል የሽምብራ ዝርያ አለ፤ ከደብረ ዘይት ግብርና ምርምር ማዕከል የወጣ ነው። የከተማችንን ስም ከከተማችን በላይ ያስጠራው እሱ ይመስለኛል።)

ጤፍ ቀላል ሰብል አይደለም። መሬቱ አራት አምስት ጊዜ ይታረሳል። ከመዘራቱ በፊት ከብት እየተነዳ ይረገጣል፣ ምክንያቱም ፍሬው ደቃቅ ስለሆነ አፈሩ ካልጠጠረለት ወደ ውስጥ ሰምጦ ይቀራል። አረሙ ጎንበስ ተብሎ በእጅ ነው፤ ነሐሴ ላይ ጭቃ ውስጥ ቆሞ ቀኑን ሙሉ ያረመ ሰው ማታ ወገቡን ማቅናት አይችልም። ስሙ «ጠፋ» ከሚለው ቃል መጣ ይላሉ ሰዎች፤ ይሁንም አይሁን አንድ ፍሬ ከእጅ ካመለጠ መፈለጉን እርሱት።

አንድ ጥሩ ጠባይ ግን አለው። ነቀዝ አይደፍረውም። በቆሎውና ሽምብራው ገና ክረምት ሳይገባ ሲቦረቦር ጤፍ በደህና ጎተራ ውስጥ ዓመታት ይቀመጣል። ሊቆይ የሚችል እህል ነው። ይህን ያዙልኝ፣ ኋላ እመለስበታለሁ።

አሁን ወደ ኔዘርላንድስ እንሂድ።

በ2000ዎቹ መጀመሪያ (ቀኖቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው) ስንዴ ውስጥ ያለው ግሉተን የተባለ ፕሮቲን የማይስማማቸው አውሮፓውያን ዳቦ የሚሆናቸው ዱቄት ይፈልጉ ነበር። ጤፍ ግሉተን የለውም። አንድ የደች ኩባንያ በምርምር ትብብር በኩል የጤፍ ዘር ከኢትዮጵያ አገኘ። ጁላይ 22 ቀን 2003 ደግሞ እዚያው አገሩ ላይ የፓተንት ማመልከቻ ገባ። የአውሮፓ ፓተንት ቢሮም በጃንዋሪ 2007 ፓተንቱን ሰጠ።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው። ፓተንቱ «የጤፍ ዘር የእኔ ነው» አይልም። የሚለው ስለ ዱቄቱ፣ ከዱቄቱም ስለሚሠራው ሊጥና ምግብ ነው። እህሉ ሲፈጭ አንድ መለኪያ ቢያንስ 250 መሆን አለበት ይላል። መለኪያው ምን መሰላችሁ? ዱቄቱን በውሃ በጥብጠው በሙቅ ውሃ በተከበበ ቱቦ ውስጥ ያሞቁትና መማሰያ ይለቁበታል። መማሰያው እስከ ታች ለመውረድ የሚፈጅበት ጊዜ በሰከንድ ይቆጠራል። ገንፎው ከቀጠነ ቶሎ ይወርዳል፣ ከወፈረ ይዘገያል። ልክ እናቴ ማማሰያውን ገንፎ ላይ አቁማ እንደምታየው፣ እነሱ ግን ሰዓት አላቸው። የቀጠነ ማለት በእህሉ ውስጥ ስታርቹን የሚያፈርሰው ኤንዛይም ገና አልበረደም ማለት ነው።

እና እንዲበርድ ምን ይደረግ? መልሱ ራሱ ሰነዱ ላይ አለ። ከታጨደ በኋላ ለሳምንታት ይቀመጥ።

ይቆይ!

ይህን ሳነብ ሳቄ መጣ። ከዚያ ሳቄ ጠፋ።

እንግዲህ ዋናው ነገር፣ ውሉ። ኤፕሪል 5 ቀን 2005 የብዝሀ ሕይወት ጥበቃ ኢንስቲትዩትና የኢትዮጵያ ግብርና ምርምር ድርጅት በአንድ ወገን፣ ሄልዝ ኤንድ ፐርፎርማንስ ፉድ ኢንተርናሽናል የተባለው የደች ኩባንያ በሌላ ወገን ሆነው ተፈራረሙ። ቀኑን ልብ በሉ። ጠረጴዛው ላይ ሲቀመጡ የፓተንት ማመልከቻው ከገባ ሁለት ዓመት ሊሞላው ትንሽ ነበር የቀረው።

ውሉን ያረቀቁት ሰዎች አፋቸው ጤፍ የሚቆላ መሆን አለባቸው፣ በጣም ያምራል። ለ10 ዓመት ነው። ኩባንያው የጤፍን ዘረመል ለምግብና ለመጠጥ ሥራ መጠቀም ይችላል። የኢትዮጵያ ባለቤትነት ታውቋል። በባህላዊ እውቀታችን ላይ መብት አልጠይቅም ብሏል። ክፍያም አለ፤ ከጤፍ ዘር ሽያጭ የተጣራ ትርፍ 30 በመቶ። ከዚህ ሌላ «ፈርስት» የሚል አጭር ስም ያለው የጤፍ ድጋፍ ፈንድ ይቋቋማል፣ ኩባንያው ከተጣራ ትርፉ 5 በመቶ እዚያ ያስገባል፣ በዓመት ከ20,000 ዩሮ ማነስ የለበትም። የፈንዱ ዓላማ ምን ተብሎ ተጻፈ? የገበሬውን ማኅበረሰብ ኑሮ ማሻሻል።

እሺ፣ ሂሳብ እንሥራ። ትርፉ ዜሮ ቢሆን እንኳ ዝቅተኛው ብቻ ለ10 ዓመት 200,000 ዩሮ ይሆናል። ኢትዮጵያ በመጨረሻ የደረሳት 4,000 ዩሮ ነው። ከ200,000 ላይ 2 በመቶ። ሌላ ደግሞ አንድ ትንሽ የምርምር ሥራ ተጀምሮ ሳይገፋ ቆመ። በቃ።

አራት ሺህ ዩሮ! ጤፍ የሚያርሰው ገበሬ በሚሊዮን ነው የሚቆጠረው። ለሁሉም እናካፍል ብንል ለአንድ ሰው የሚደርሰውን ለመቁጠር ከዩሮ ሳንቲም ያነሰ ገንዘብ መፈልሰፍ ሊኖርብን ነው።

ምን ተፈጠረ? ኩባንያው በ2009 ከሰረ። የኩባንያው ሰዎች ግን ከሥራው አልወጡም። በሌላ ስም ሌሎች ኩባንያዎች ነበሯቸው፣ ፓተንቱም ወደዚያ ሄደ። ውሉን የፈረመው የከሰረው ነው። ፓተንቱን የያዘው ደግሞ ያልፈረመው ነው። ይህን ለአባቴ ሳስረዳው ብዙ አልከበደውም። «ዋሱ ሞቷል በለኛ» አለ። እንደዚያ ነው። እኛ አገር ሰው ሲበደር ዋስ ይጠራል፣ ዋሱ ከሞተ ሌላ ይተካል። እዚህ ውል ላይ ዋስ አልነበረም፣ ነገሩ ይሄው ነው።

ሁለተኛው ቀዳዳ «የተጣራ ትርፍ» የሚለው ቃል ነው። የተጣራውን የሚያጣራው ማን ነው? ራሱ ከፋዩ። ስንት ኪሎ ዱቄት ሸጥክ ቢባል መጋዘን ገብቶ መቁጠር ይቻላል፣ ቢያንስ በመርህ ደረጃ። ስንት አተረፍክ ከተባለ ግን የምርምር ወጪ አለ፣ የማስታወቂያ አለ፣ የደሞዝ አለ፣ ሁሉም ተቀናንሶ ትርፍ የለም ይባላል። አረርቲ ገበያ ላይ አንድ ነጋዴ አባቴን «ጤፍህን ስጠኝ፣ አዲስ አበባ ሸጬ ከተጣራው ትርፌ እከፍልሃለሁ» ቢለው አባቴ ይስቅበት ነበር። ጎረቤት ጠርቶ ነው የሚስቅበት። በመንግሥት ደረጃ ሲፈረም ግን ያሳቀው ሰው አልነበረም።

ሦስተኛው ለእኔ ከሁሉም የከፋው ነው። ጠረጴዛው ላይ ገበሬ አልነበረም። ፈራሚዎቹ ሁለት የመንግሥት ተቋማትና አንድ ኩባንያ ናቸው። ገበሬው የተጠቀሰው እንደ ተረጂ ነው፣ ኑሮው የሚሻሻልለት ሰው ሆኖ። ሻጭ ሆኖ አይደለም። ተረጂ «ገንዘቤ የታል?» ብሎ አይጠይቅም፣ ሻጭ ግን ይጠይቃል። አንድ የሚንጃር ወይም የአድአ የገበሬዎች ዩኒየን ፈራሚ ቢሆን ኖሮ የመጀመሪያው ዓመት 20,000 ሲቀር ቢያንስ አንድ ሰው ደጃፍ ላይ ቆሞ ይጮህ ነበር።

ለሚዛናዊነት አንድ ነገር ልበል። ዘር ከገበሬ ያለ ክፍያ የወሰዱት ደቾች ብቻ አይደሉም። ዛሬ እኛ አካባቢ የሚዘራው «ቁንጮ» የተባለው ጤፍ በ2006 ከደብረ ዘይት የወጣ ነው። ከሁለት ዝርያዎች ነው የተዳቀለው፣ አንደኛዋ «ማኛ» ናት፣ ያቺ ነጭ፣ ገበያ ላይ ከሁሉ የምትወደደው። ማኛን ለብዙ ትውልድ እየመረጡ ያቆዩት ገበሬዎች ናቸው፣ ማንም ለዚህ አልከፈላቸውም። (የጤፍ ማዳቀል ራሱ የቻለው ታረቀ በርሄ የተባሉ ኢትዮጵያዊ ተመራማሪ በ1970ዎቹ አበባው በማለዳ ለትንሽ ጊዜ ብቻ እንደሚከፈት ስላስተዋሉ ነው። ጎህ ሲቀድ ማሳ ላይ የተገኘ ሰው ያገኘው ነገር ነው ማለት ነው።) ታዲያ ልዩነቱ ምንድን ነው? ዘሩ ተመልሶ መጣ። አባቴ ቁንጮ ዘርቷል፣ ከእሱም ዘር አስቀርቶ ለአጎቴ ሰጥቷል፣ ማንም ፈቃድ አልጠየቀውም። ሳንቲም ባይከፈልም ነገሩ ዞሮ ቤቱ ገብቷል። የኔዘርላንድሱ አልዞረም።

ወደ ፍርድ ቤቱ። ፓተንቱን የያዘው ኤንሸንትግሬን የተባለ ኩባንያ ቤከልስ የሚባለውን ሌላ የደች ኩባንያ ከሰሰ፣ የጤፍ ዱቄት ድብልቅ ስለሚሸጥ። የሄግ ፍርድ ቤት ኖቬምበር 21 ቀን 2018 ፓተንቱን ኔዘርላንድስ ውስጥ ዋጋ የለውም አለ። የፈጠራ ደረጃ የለውም፣ የሙያው ሰው ሁሉ ሊያስበው የሚችለው ነገር ነው በሚል። ዜናው እኛ ጋ የደረሰው በፌብሩዋሪ 2019 ነበር፣ ያኔ ፌስቡኩ ሁሉ በደስታ ተሞላ። «ጤፋችን ተመለሰ!»

እኔም ስልኬን ይዤ ለአባቴ ነገርኩት። እሱ ጭድ እየከመረ ነበር። ሰማኝ፣ ራሱን ነቀነቀ፣ ከዚያ «ታዲያ ዋጋው ጨመረ?» አለኝ።

አልጨመረም። ይጨምራል ብሎ ማሰቡም ትክክል አልነበረም፣ ምክንያቱም ክሱ የሁለት የደች ኩባንያዎች ጉዳይ ነው። ኢትዮጵያ ከሳሽም ተከሳሽም አልነበረችም። ቤከልስ ገበያውን አስከበረ፣ እኛ አጨበጨብን። የተበላው ውል ገንዘብ በዚያ ፍርድ አልተመለሰም። ሰው እንዲያውቅልኝ የምፈልገው ይህን ነው። ማጨብጨቡ መጥፎ ሆኖ አይደለም፣ እኔም አጨብጭቤያለሁ።

ሌላም ነገር አለ። መንግሥት በ2006 የጤፍ እህል ወደ ውጭ እንዳይላክ አግዷል፣ እንጀራ መላክ ግን ይቻል ነበር። ዓላማው ከተሜው እንዳይራብ፣ ዋጋው እንዳይሰቀል ነው። ይገባኛል። ግን ይህን ሸክም የተሸከመው ማን ነው? በዚያው ዘመን አሜሪካና አውሮፓ ውስጥ ጤፍ እየተዘራ፣ ለጤና ምግብ እየተባለ በትናንሽ ከረጢት በውድ ይሸጥ ነበር። የሚንጃር ገበሬ በገዛ እህሉ ገበያ ውስጥ አልነበረም። እገዳው ልክ ነው አይደለም የሚለው ሌላ ክርክር ነው፤ የከተማውን እንጀራ ዋጋ ይዞ የቆየው በከፊል ገበሬው መሆኑን ግን መካድ አይቻልም።

አሁን ያዙልኝ ወዳልኩት ልመለስ። ጤፍ ሊቆይ የሚችል እህል ነው። ታዲያ ገበሬው ለምን አያቆየውም?

ዘንድሮ ጥር ላይ ከአጎቴ ጋር አረርቲ ገበያ ሄድኩ። ሦስት ማዳበሪያ ጤፍ በጋሪ ጭነን። ገና ከጋሪው ሳንወርድ አንድ ደላላ መጣ። እጁን ማዳበሪያው ውስጥ ከትቶ አፈሰ፣ በመዳፉ ላይ እፍ አለበት፣ «ጋሼ፣ ይሄ ሰርገኛ ቀላቅሏል» አለ። አጎቴ «ልጄ፣ ዓይንህን ታጠብ» አለው። እንዲህ እየተባባሉ፣ እየተሳሳቁም፣ ዋጋው ግን እየወረደ ሄደ። አጎቴ ደላላው እንደሚዋሽ ያውቃል። ደላላው አጎቴ እንደሚያውቅ ያውቃል። ግን የማዳበሪያ ዕዳ አለ፣ የመሬት ግብር አለ፣ ጥር ደግሞ የሠርግ ወር ነው፣ የወንድሙን ልጅ ይድራል። ሸጠ።

ያ ጤፍ ወደ አዲስ አበባ እህል በረንዳ ይሄዳል ወይም የአንድ ሰው መጋዘን ውስጥ ይተኛል። ክረምት ሲገባ ዋጋው ይወጣል፣ ያኔ «የሚንጃር ማኛ» ተብሎ ይሸጣል። አንዳንዴ ሚንጃርን በአውቶብስ መስኮት እንኳ ያላየ ጤፍ ተቀላቅሎበት። ነጋዴው ምን ጨመረበት? ምንም። አቆየው። ዋጋ ያለው ማቆየቱ ነው።

እና ለእኔ የሄጉ ጉዳይና የአረርቲው ጉዳይ አንድ የሆነብኝ እዚህ ላይ ነው። ደቾቹ «ይቆይ» የሚለውን በቁጥር ጽፈው ፓተንት አወጡበት። ነጋዴው «ይቆይ» የሚለውን በመጋዘን ይሸጠዋል። «ይቆይ» ማለትን መጀመሪያ የምታውቀው እናቴ ናት፣ ለቤቷ እንጀራ ታቆየዋለች፣ ለገበያ ግን ማቆየት አትችልም፣ ምክንያቱም ዕዳው አይቆይላትም።

ስለዚህ ፍትሐዊ ንግድ ሲባል፣ ከውጭ መጥቶ ከረጢት ላይ የሚለጠፍ ምልክት ሳይሆን፣ እኔ የማስበው በጣም ተራ ነገር ነው። ኅብረት ሥራ ማኅበሩ ጥር ላይ ጤፉን ተቀብሎ ግማሹን ዋጋ በእጅ ቢሰጥ፣ ቀሪውን ክረምት ሲሸጥ ቢያካፍል። በአንዳንድ ቦታ ተሞክሯል፣ አንዳንዱ ሠርቷል፣ አንዳንዱ ደግሞ መጋዘኑ ተሠርቶ ገንዘብ ያዡ ጠፍቷል፤ ሰው ስለዚህ ሲያወራ ፊቱን ማየት ነው። ከውጭ ኩባንያ ጋር ውል ከሆነ ደግሞ ክፍያው በተሸጠው ኪሎ ይሁን፣ በትርፍ አይሁን። ፓተንቱ ወደ ማንም ቢሄድ ዕዳው ተከትሎት ይሂድ። የገበሬ ዩኒየን ይፈርም። ኢትዮጵያ በ2006 የዘረመል ሀብትና የማኅበረሰብ እውቀት አዋጅ 482ን አውጥታለች፣ ማኅበረሰቡ ፈቃድ የመስጠትና የመካፈል መብት እንዳለው ይላል። የጤፉ ውል ከአዋጁ በፊት የተፈረመ ነው። አዋጁ አሁን አለ። እኛ ቀበሌ ግን ስለ እሱ የሰማ ሰው አላጋጠመኝም፣ የልማት ጣቢያ ሠራተኛዋን ጨምሮ፣ እሷ እንዲያውም «ላክልኝ» ብላኝ በቴሌግራም ላክሁላት።

አባቴ ዘንድሮ ሦስት ኩንታል አስቀርቷል። እስከ ሐምሌ ላቆየው ይላል፣ ያኔ ዋጋው ደህና ይሆናል። እናቴ በበኩሏ ከአዲሱ ጤፍ ገና አንድ እፍኝ አላስፈጨችም፣ የምንበላው የዓምናውን ነው። ባለፈው ስደውል ግን የማዳበሪያ ቅድሚያ ክፍያ ዘንድሮ ሚያዝያ ላይ ሊጠየቅ ነው የሚል ወሬ ቀበሌ ውስጥ ይዞራል አለችኝ። አባቴ ጎተራውን እያየ ዝም ብሏል አለች።